«እኔን!» የተባለበት ቦታ

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄ «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊው፣ ፊደሉን እኔ አስተካክልልሻለሁ» ስላለችኝ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም የምነግራችሁን ነገር በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ መሀሉም ነበርኩ።

የምሠራው አዳማ፣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከአርሲ በአይሱዙ የሚመጣው ስንዴ መጋዘን ገብቶ በኩንታል በኩንታል እስከ ጣሪያው ድረስ ይከመራል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ የተቀደደ ጆንያ እሰፋለሁ። እዚያ ግቢ ሁሉም ሲሮጥ ይውላል፤ ቁጭ ብዬ የማየው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል። እማማ አስካለ ይሉኛል። ዞር ስል ደግሞ «ጨቅጫቃዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልዋሽም፣ ተራ ሲነጠቅ አልወድም። የባጃጅ ሰልፍ ጥሶ የገባ ጎረምሳ በጃኬቱ ጎትቼ ያወረድኩ ሴት ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ለሊሴ የምትባል ከደራ የመጣች ልጅ አለች። ሥራዋ ከየክምሩ ሥር የፈሰሰውን ስንዴ እየጠረገች መሰብሰብ ነው። ያኔ ገና በሙከራ ላይ ነበረች፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ «በቃሽ» ሲባል «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። አዳማ ቤት ተከራይታ ታናሽ ወንድሟን ታስተምር ነበርና ሥራዋ ለሁለት ሰው እንጀራ ነበር።

ያን ጠዋት ለሊሴ መጥረጊያዋን ይዛ በሦስተኛው ክምር ሥር ጎንበስ ብላለች። እኔ መርፌዬ ላይ ክር እያስገባሁ ነው። ቀና ስል ከክምሩ ጫፍ አንድ ኩንታል ተነቅሎ ሲመጣ አየሁ። ለመጮህ እንኳ አልደረስኩም። ኩንታል ሲወድቅ ሰው የሚያስበውን ያህል አይጮህም፤ ዱፍ ነው የሚለው፣ ሆድ ውስጥ ይሰማል። አቧራው ሲገፈፍ ለሊሴ ቆማለች፤ በእጇ የቀረው የመጥረጊያው እጀታ ብቻ ነው። መጥረጊያው ከኩንታሉ ሥር ሆኗል።

መጋዘኑ በአንድ አፍ «እኔን!» አለ። እኔም ብያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም፤ ስትደናቀፉ እናቶቻችሁም ጎረቤቶቻችሁም ብለዋችኋል። ከዚያ «ተመስገን» ተባለ። አንዱ ውሃ ሰጣት፣ አንዱ ትከሻዋን መታ መታ አደረገላት። የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ገመቹ፣ ክንዱ የእኔን ወገብ የሚያህል ልጅ ነው፣ የወደቀውን ኩንታል ተሸክሞ ወደ ላይ ወጣ። የት አስቀመጠው መሰላችሁ? ከወደቀበት ከዚያው ጫፍ ላይ። ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም ክሩን ወደ መርፌዬ አስገባሁ።

ለሊሴ ግን አልተመለሰችም። ወደ መጋዘን ኃላፊው ወደ ደረጀ ሄደች። ደረጀ በዕድሜ ልጄ ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ጠረጴዛው ከእኔ ብዙም ስለማይርቅ ያሉትን ሰማሁ።

«አቶ ደረጀ፣ ያ ክምር ያዘነበለ መሰለኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ካልሆንሽ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?»

«ልሆን ነበር እኮ።»

«ልሆን ነበር!» አለና ሳቀ። «በጠዋቱ አታሟርቺብን እንጂ። እግዜር አውጥቶሻል፣ አመስግነሽ ሥራሽን ሥሪ።»

በማግስቱ ደረጀ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዞ መጣ። ክምሩ ላይ ረጨ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ ጠበል አልንቅም። ግን አንድ ነገር አየሁ። ጠበሉን ሲረጭ ከክምሩ ራቅ ብሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ ነው። ሁለት ጊዜ ሳይደርስ ቀርቶ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ አሁንም አልተጠጋም።

ምሳ ሰዓት ላይ ለሊሴ አጠገቤ መጥታ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ለቢሮ ልናገር? ያች የደህንነት ባለሙያ ‹አደጋ ሊደርስ ሲል ንገሩን› ብላ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«በሙከራ ላይ ነኝ።»

«እውነት ነው የምትናገሪው፤ ሂጂ» አልኳት። ይህችን ቃል እኔ ነኝ ያልኳት፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የደረሰባት ሁሉ የእኔም ጉዳይ ሆነ።

የደህንነት ባለሙያዋ ቤዛ ትባላለች፣ ወጣት ኢንጂነር ናት። እንደ መጣች በመጋዘኑ በር ላይ «አደጋና ለአደጋ የቀረበ ነገር ሲያዩ ጽፈው ያስገቡ» የሚል ሳጥን ሰቅላ ነበር። ልጆቹ «ሙዳየ ምጽዋት» ብለው ስም አወጡለት። አንድ ቀን ገመቹ አሮጌ ብር አስገብቶበት ሲሳቅ ዋለ። ከዚያ ብር በቀር የገባበት ነገር የለም። ያን ዕለት ደግሞ ቤዛ ለሥልጠና ሄዳ ቢሮዋ ተዘግቶ ነበር። ለሊሴ ኮሪደር ላይ ላገኘችው ሰው ነግራ ወረደች፤ ያ ሰው ለደረጀ ደወለ።

ሐሙስ ጠዋት ደረጀ በሰው ፊት ጠራት።

«በላዬ ላይ ዘለሽ ሄድሽ አይደል? እሺ። የተከለከለ ቦታ ቆመሻል፣ ሠራተኛ አሸብረሻል። ማስጠንቀቂያ ነው። ቅዳሜ የሙከራ ጊዜሽ ይገመገማል፣ ያን ጊዜ እንተያያለን።»

ቀጥሎ ወደ ገመቹ ዞረ። «ክምሩን የከመራችሁት እናንተ ናችሁ። አጣርቼ እቀጣለሁ።»

በዚህች በአንዲት ቃል ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። ጫኞቹ ስታልፍ ዝም ይላሉ። አንዱ «ሟርተኛዋ መጣች፣ ራሳችሁን ጠብቁ» ብሎ ጆንያ ራሱ ላይ አደረገ፤ ተሳቀ። ገመቹ አልሳቀም፣ ግን ሰላምታዋንም አልመለሰም።

ሲወጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

«አንተ፣ ያች ልጅ ምን አደረገችህ?»

«አኮ፣ እኔ ምንም አላልኩም» አለ። አኮ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው፣ ሲያከብረኝ እንደዚያ ይለኛል። «ግን በእሷ አፍ ነው ልንቀጣ የሆነው።»

«ኩንታሉ ሲወድቅ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ራሷ ላይ ቢያርፍስ?»

መሬት መሬት አየ። «እኛ እኮ በትክክል ነው የከመርነው» አለኝ። ያን ጊዜ አላመንኩትም ነበር።

ዓርብ ቤዛ ከሥልጠና ተመለሰች። እኔ ሥራ ሳልጀምር ደረጃውን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁና ሁለቱ፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና ቤዛ፣ ባሉበት ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ጸሐፊዋ «እማማ፣ ቀጠሮ አለዎት?» አለች። «ቅዳሜ የምትባረር ልጅ አለችኝ» አልኳት። የሰሙኝ መሰለኝ፣ «ይግቡ» ተባልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ ሰው ያዳምጣሉ። ስጨርስ ግን ግንባራቸውን አሹ።

«እማማ፣ አምንዎታለሁ። ግን እዚያ መጋዘን ይህን ያህል ሰው ይሠራል። ከአንዲት ልጅ በቀር አንድም ሰው ምንም አላለም። አደጋም ደርሶ አያውቅም። የኃላፊውን ቃል ትቼ የአንድ ሰው ፍርሃት ይዤ እንዴት እወስናለሁ?»

«ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«ሳጥኑ አለ።»

«እሱ እንኳ ሰው ማናገር አይችልም» አልኩ። ቤዛ ሳቋ አመለጣት፤ አፈረች። «እውነታቸውን ነው» አለች። «ወርደን እንጠይቅ።»

ከምሳ በኋላ የመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ በሩ አጠገብ ባለው ክፍት ቦታ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ መሀል ቆሙ። ለሊሴ ከግድግዳው ተጣብቃ ጥፍሯን ትበላለች።

«አደጋ ያጋጠመው ሰው አለ?»

ዝም።

«እሺ፣ አደጋ ሊደርስበት የነበረ?»

አንዱ ሳለ። ደረጀ እጁን አጣምሮ «እንዳልኩዎት ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ያን ጊዜ በጣም ተናደድኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በሠራተኞቹ ነበር። ግን ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። «አደጋ» ስትሏቸው ደም ይታያቸዋል፤ ደም ደግሞ አላዩም። «ሊደርስብህ ነበር» ስትሏቸው ሟርት ይሆንባቸዋል፤ በራስ ላይ ማን ያሟርታል? ደግሞ አፉን የከፈተ ወይ ራሱ ይቀጣል ወይ ጓደኛውን ያስቀጣል። እነሱ ምን ያድርጉ? ጥያቄው ነው የማይመለሰው።

«ጌታዬ፣ እኔ ልጠይቃቸው?»

«ይጠይቁ፣ እማማ።»

ወደ መሀል ገባሁ። «ልጆች፣ አንድ ቃል አትናገሩም። ስም አትጠሩም። በእግራችሁ ብቻ ነው የምትመልሱልኝ። እዚህ መጋዘን ውስጥ ‹እኔን!› ያላችሁበት፣ ወይም ሰው ለእናንተ ‹እኔን!› ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። ክምሩን ተጠግታችሁ አይደለም፣ ከፊት ለፊቱ።»

ተያዩ። ገመቹ ራሱን አከከ።

«አኮ፣ በኦሮምኛ ያልነውስ ይቆጠራል?»

«በጉራጊኛም ያላችሁት ይቆጠራል!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ አንዲት ሴት ተንቀሳቀሰችና ወደ መኪና መጫኛው ሄዳ ቆመች፤ ፎርክሊፍት የሚሉት ዕቃ ማንሻ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ልትገጭ የነበረችበት ነው። ሌላው መሰላሉ ሥር ቆመ። ሌላዋ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ወዳለበት ሄደች። ገመቹ ወዴት እንደሚሄድ አየሁት። ቀስ እያለ ሄዶ ከሦስተኛው ክምር ፊት ቆመ። ከእሱ ቀጥሎ አንዱ ጓደኛው መጣ። ከዚያ ሌላው። ለሊሴን ሟርተኛ ያላት ራሱ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከመጋዘኑ ሠራተኛ ግማሽ የሚሆነው ከዚያ ክምር ፊት ተኮልኩሎ እርስ በርሱ ይተያያል። «አንተም?» ይላል አንዱ። «አዎ፣ በበጋው ጊዜ፣ ጫማዬን ነክቶኝ።» «እኔን ደግሞ በጆሮዬ ሥር አልፎኝ።» እያንዳንዱ በእሱ ላይ ብቻ የደረሰ፣ ያለፈና የተረሳ ነገር ይመስለው ነበር።

መጨረሻ ላይ ለሊሴ ከግድግዳው ተላቃ መጥታ መሀላቸው ቆመች። ቦታ ለቀቁላት።

ደረጀ አልተንቀሳቀሰም።

«ደረጀ ልጄ» አልኩት፣ «ረቡዕ ጠበሉን ለምን ከሩቅ ረጨኸው?»

ማንም አልሳቀም። ደረጀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አላማረኝም ነበር» አለ። «ብናገር ግን ‹የመጋዘኑ ኃላፊ አንተ አይደለህ ወይ፣ የት ነበርክ?› እባላለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ።» እውነቱን ነው። ለካ ከላይ እስከ ታች ፈርቶ ዝም ያለው ሁሉ የፈራው አንድ ነገር ነው።

ቤዛ ወደ ተሰበሰቡት ሰዎች ሄደችና ወደ ላይ ወደ ክምሩ ሳይሆን ወደ ታች ወደ መሬቱ አየች። የውሃ ጠርሙሷን ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ትንሽ አፈሰሰች። ውሃው በሁሉም በኩል አልተንጣለለም። መስመር ሠርቶ ቀጥ ብሎ ወደ ክምሩ ሥር ገባ።

«የከመሩት ሰዎች ስህተት አይደለም» አለች። «ወለሉ ወርዷል። ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ ውጡ። አትሩጡ፣ ምንም አትንኩ።»

ወጣን። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ያለውን ጊዜ መቼም አልረሳውም። ክምሩ መውረድ አለበት፣ ግን ከሥሩ ሰው መቆም የለበትም። ቤዛ ከጎን ካለው ክምር ላይ ሆነው ከጫፍ እየቀነሱ እንዲያወርዱ አደረገች። ገመቹና ሁለት ልጆች ወገባቸውን በገመድ ታስረው ወጡ። ደረጀ ሳይታዘዝ የገመዱን ጫፍ ይዞ ቆመ። እኔና ለሊሴ ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከውስጥ የሚሰማው የቤዛ ድምፅ ብቻ ነው፤ «አንድ። ቁም። ቀስ። አሁን።»

«እማማ፣ ክምሩ ሥር ምንም ባይገኝስ?» አለችኝ ለሊሴ።

«ያዘነበለውን አይተሻል።»

«ምንም ካልተገኘ ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

የፈራሁት እኔም ያንኑ ነበር። ክምሩ ሳይወድቅ ከወረደ ማን ያምናታል? ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያምናት ነበር፣ እሷ ግን አትኖርም ነበር። ይህ ነገር ትክክል አለመሆኑ ያን ሰዓት ነው አጥንቴ ውስጥ የገባው። አንድ ሰው እንዲታመን መሞት አለበት እንዴ?

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ገመቹ አቧራ ለብሶ ወጣ። «ኑ፣ እዩ» አለ።

የመጨረሻዎቹ ኩንታሎች ሲነሱ ከሥራቸው የነበረው የእንጨት መደብ በርጥበት በስብሶ ነበር። ቤዛ አንድ ብረት አስመጥታ ሲሚንቶውን ነካ አደረገችው። እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረና ወደ ውስጥ ገባ። ከሥሩ ጉድጓድ ነው። ወደ መታጠቢያው የሚሄደው የውሃ ቧንቧ በዚያ ሥር ሲያፈስ ከርሞ አፈሩን ይዞት ሄዷል። ያ ሁሉ ስንዴ የቆመው በቀጭን ሲሚንቶ ላይ ነበር፤ ለሊሴ በየቀኑ ከሥሩ ጎንበስ ስትል ኖራለች።

ሥራ አስኪያጁ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እማማ፣ የልጅቷን ማስጠንቀቂያ አንስቻለሁ» አሉኝ በቀስታ።

«ለእኔ አይደለም የሚነግሩት» አልኳቸው። «ሲሰጣት ሰው ሰምቷል። ሲነሳም ሰው ይስማ።»

ቤዛ ክርኔን ነካ አደረገችኝ፤ አበዙት ማለቷ ነው። አልተውኩም። ሥራ አስኪያጁም አልተቆጡም። በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ጠሩ።

«የለሊሴ ማስጠንቀቂያ ተነስቷል። ቅዳሜ የተባለውንም ግምገማ አልፋለች። ገመቹም ሆነ ጓደኞቹ አይቀጡም። አቶ ደረጀም እንደዚሁ። ከዛሬ ጀምሮ ‹ሊደርስብኝ ነበር› ብሎ የተናገረን ሰው የሚቀጣ ካለ መጀመሪያ እኔን ይቅጣኝ።»

ሟርተኛ ያላት ልጅ ወደ ለሊሴ ሄዶ «ይቅርታ፣ እህቴ» አላት። «ደግሞ መጥረጊያ ገዝቼ አመጣልሻለሁ።» «ባለ ረጅም እጀታ ይሁን» አለችው። በሳምንቱ ውስጥ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ሳጥኑ የለም። ቤዛ በየፈረቃው መጨረሻ ትወርድና «ዛሬ የት ነው ‹እኔን› ያላችሁት?» ብላ ትጠይቃለች። ይወራላታል። መጀመሪያ እየሳቁ ነበር፣ አሁን እንደ ሰላምታ ሆኗል። ያቺ ቃል ለምን እንደሠራች ቆይቼ ነው የገባኝ። «እኔን» የሚለው ያጠፋው ሰው አይደለም፣ ያየው ነው። የሚናገረው በራሱ ላይ አይመሰክርም፣ ጓደኛውንም አይከስም፤ ያዘነበትን ቦታ ነው የሚያሳየው።

በእኔ በኩል የተለወጠው ይህ ነው፦ ተመስገን ማለት አልተውኩም፣ አልተውምም። ዱሮ ግን ተመስገን ስል ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «መኪና ሊገጨኝ ነበር» ስትለኝ አቅፌ ሳምኳትና አመሰገንኩ፤ ከዚያ «የት ጋ? መንገዱ ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ።

እናንተም አንባቢዎች፣ ፋብሪካ ብትሠሩ፣ ሆስፒታል ወይም ወጥ ቤት፣ የሕንፃ ሥራ ላይ ብትሆኑ፣ ሰዎቻችሁን ጠይቁ። አለቃ ከሆናችሁ ሳጥን አትስቀሉ፣ ወርዳችሁ በአፋችሁ ጠይቁ። ሲነግሯችሁም «ማን ነው ያጠፋው?» ከማለታችሁ በፊት መሬቱን እዩ።

ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ሰው ደፍሮ ከተናገረ በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራው ላይ መኖሩን ሄዳችሁ አረጋግጡ። ከሌለ የት እንደሄደ ጠይቁ፤ ጨቅጫቃ ቢሏችሁም ጠይቁ። ሌላው ሠራተኛ ስብሰባ ላይ የተባለውን አይሰማም፤ የሚያየው ያን ሰው ነው።

ለሊሴ በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ገባች። ሠራተኛው ሁሉ በሩን በሩን ሲያይ አየሁት። ስትገባ በዓይናቸው ተከተሏት። የወለሉን ጥግ መጥረግ ጀመረች፤ ቀስ በቀስም ሁሉም ሥራውን ያዘ።